አሥራ ሁለተኛው እጅጌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፤ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሽቦ አጥሩ ውጭ። ቀንና ሰዓት ሳላሰፍር አንድም ገጽ ጀምሬ አላውቅም፤ ይህንንም በዚያው ልማድ ጀመርኩ። የእኅቴን ልጅ ለመሸኘት ሄጄ ነበር። እሷ ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ልቆይ ብዬ ስቆም፣ ከሜዳው ዳር በምሰሶ ላይ የተሰቀለው የነፋስ አመልካች ዐይኔን ያዘው። ብርቱካንማና ነጭ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ጅራቱ ጠባብ። ነፋስ ሲሞላው ይቃናል፤ ነፋሱ ሲተወው ደግሞ እንደ ባዶ እጅጌ ይንጠለጠላል። እኔ ግን የማየው ጨርቁን አልነበረም።

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ አንድ ወጣት ዘበኛ ቀረብ ብሎ።

«ምንም አልጠፋብኝም። የዚያን ከረጢት ማሰሪያ ገመዶች እያየሁ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። ሦስቱም እኩል ናቸው።»

«ይህን ለማረጋገጥ ነው ግማሽ ሰዓት የቆሙት?» ብሎ ሣቀና ወደ በሩ ተመለሰ።

አልፈረድኩበትም። በዓይን ብቻ ገመድ መለካት እችላለሁ ብዬ የተማመንኩበት አንድ ቀን ግን ነበር። ያንን ቀን እስካሁን ለማንም በሙሉ አልተናገርኩም።

በ2006 ዓ.ም. መባቻ ጅዳ ነበርኩ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ስለ ነበር የወጣትነት ታሪክ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ወጣቷ አብራኝ የምትሰፋው ሐዋ ነበረች። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ከኖርኩ በኋላ፣ ከአባቴ በልጅነቴ የቀሰምኩት የልብስ ስፌት ሙያ ነበር ባሕር ያሻገረኝ። ሳፋ በሚባለው ሰፈር፣ አቡ ፋይሰል የሚባሉ ሰው ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ከማስመሪያዬ ስለማልለይ አቡ ፋይሰል «ይመር» በማለት ፈንታ «ያ ሙሀንዲስ»፣ አንተ መሐንዲስ፣ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ መሆኑን አውቅ ነበር።

በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ሙያ «ሰፊ» የሚል ነው፤ የምሠራውም ስፌት ነው፤ የምሠራውም ለራሴ ከፊል፣ ወረቀቴን ላወጡልኝ ለአቡ ፋይሰል ነው። ዛሬ ይህን ለሚያነብ ሰው ቁም ነገር ላይመስለው ይችላል። በዚያ ዓመት ግን ወረቀቱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ የሆነ ሰው፣ ወይም ከከፊሉ ውጭ ለሌላ ሰው የሚሠራ፣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያልቅ እንደሚያዝ በየሬዲዮውና በየመስጊዱ በር ይነገር ነበር። የመጨረሻው ቀን እሑድ፣ ጥቅምት 24 ነበር። ሰኞ አፈሳው ይጀመራል።

ሐዋ ግን ከነጭራሹ ኢቃማ አልነበራትም። ከባቲ አካባቢ የመጣች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነ ሴት ነበረች። ፓስፖርቷን ከያዘባት የቀጣሪዋ ቤት ጠፍታ ወጥታ፣ ሁለት ዓመት በእኛ ስፌት ቤት የጓሮ ክፍል ሠርታለች። ከእሷ የተሻለ የስፌት እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንድ ነገሯ ግን ያናድደኝ ነበር፤ ሜትር አትይዝም። ሁሉንም ነገር የምትለካው በስንዝሯና በአውራ ጣቷ አንጓ ነበር።

«ሐዋ፣ ስንዝር እኮ የመለኪያ አሐድ አይደለም» እላታለሁ።

«ጋሼ፣ የርስዎ ሜትር ሁሌ ይጠፋብዎታል። የኔ ስንዝር የት ይሄድብኛል?»

«ሲደክምሽ ያጥራል።»

«ወላሂ የሚያጥረውስ የርስዎ ትዕግሥት ነው» ትልና ማሽኑን ታስጮኸዋለች።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ሐጁ አልፎ ጅዳ ከሐጃጆች ግርግር ሲተነፍስ፣ አንዲት ማዳም ወደ ስፌት ቤቱ መጡ። ኡሙ ራኒያ ይባላሉ፤ ኦብሑር፣ ባሕሩ ዳር፣ ትልቅ ቪላ አላቸው። ልጃቸው ልትመረቅ ነው፤ ድግሱ ሐሙስ፣ ጥቅምት 28፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ በቪላው ደጅ ይሆናል። ከስልካቸው ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳዩን፤ በባሕር ዳር ምሰሶዎች ላይ በነፋስ የተነፉ ባለ ቀለም የጨርቅ ከረጢቶች፣ ከጅራታቸው ሪባን የሚወዛወዝ። አሥራ ሁለት እንዲህ ያለ ፈለጉ፤ ሰማያዊና ወርቃማ።

ሐዋ ፎቶውን አገላብጣ አይታ፣ «ይሄማ እጅ የሌለው እጅጌ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በሥራ ቤታችን ሌላ ስም አልነበረውም፤ እጅጌ ተባለ።

ሥራው ለእኔ ደስታ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ጂኦሜትሪ በእጄ ገባ። እያንዳንዱ እጅጌ አራት ቁራጭ ጨርቅ አለው፤ የያንዳንዱ ቁራጭ አናቱ ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ ነው። አራቱ ጎን ለጎን ሲሰፉ ከአፉ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ ይሆናሉ። በአፉ ዙሪያ በጥምዝ እጥፋት ውስጥ የሽቦ ቀለበት ይገባል። ጅራቱ ክፍት ይተዋል፤ ነፋስ መውጫ ካላገኘ ጨርቁ ይንገላታል እንጂ አይቃናም። በመጨረሻም ቀለበቱ ላይ ሦስት ገመዶች በእኩል ርቀት ታስረው ምሰሶው ላይ ይቋጠራሉ። ቆረጣው የኔ፣ ስፌቱና ገመዱ የሐዋ ሆነ። ለቆረጣው አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረኝ፤ የጨርቁ የድር ክር ከቁራጩ ርዝመት ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ድሩ ከተንጋደደ ጨርቁ ይለጠጣል፤ አንዱ ጎን ከተለጠጠ ደግሞ እጅጌው ይዞራል። ይህን ለሐዋ ቢያንስ አሥር ጊዜ አስረድቻታለሁ። «ገባኝ፣ ኡስታዝ» ትለኛለች፤ ኡስታዝ የምትለኝ ስሰለቻት ነው።

ኡሙ ራኒያ የሐዋን ስፌት አገላብጠው አዩና ወደዷት። ባለቤታቸው በመንግሥት ቢሮ ሰው የሚያውቁ ናቸው። «ይህቺ ልጅ እኔ ቤት ትግባ፤ ከፊልነቷን ወደ እኔ እናዛውራለን» አሉ። ጉዳዩም በመጨረሻው ሳምንት ገባ። ወረቀቱ እስኪወጣ ግን አንድ ግዴታ ነበረባት። ባለቤትየው ራሳቸው ከአቡ ፋይሰል ፊት እንዲህ አሏት፤ «ከእሑድ ጀምሮ ከግቢዬ እንዳትወጪ። ከግቢዬ ውስጥ ማንም አይነካሽም፤ ከግቢዬ ውጭ ግን እኔም ላደርግልሽ የምችለው ነገር የለም።» እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

እሑድ ጠዋት ፉልና ትኩስ የታሚስ ዳቦ በልተን፣ አሥራ ሁለቱን እጅጌዎች በሁለት ካርቶን ይዘን፣ በማዳሟ መኪና ወደ ኦብሑር ሄድን። ሾፌሩ ኡስማን የሚባል፣ ቃል የማያበዛ ሱዳናዊ ነው። ሐዋ ልብሷን በአንድ የገበያ ፌስታል ይዛለች፤ ለሁለት ዓመት ኑሮ ያ ብቻ ነበር ጓዟ። መንገዱ የበዓል ቀን ይመስል ነበር፤ መኪናው ጥቂት፣ ከወትሮው የተዘጋው ሱቅ ብዙ። ሙቀቱ ገና ባይበርድም ከሰሜን የሚመጣው የባሕር ነፋስ በመስኮቱ ሲገባ ጨው ጨው ይሸት ነበር።

ኡስማንና እኔ እጅጌዎቹን በባሕሩ ግድግዳ ላይ በተተከሉት ምሰሶዎች አንድ በአንድ ሰቀልን። አሥራ አንዱ ነፋስ ሲነካቸው እንደ ተማሪ ሰልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ተቃኑ። ኡሙ ራኒያ በእጃቸው አጨበጨቡ። አሥራ ሁለተኛው ግን ሞልቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፤ እየዞረ ገመዶቹን እርስ በርስ አጠመዘዘ፤ ከዚያ አፉ ተዘግቶ ወደቀ። ፈታሁት፤ ደግሞ ዞረ።

«ገመዶቹ እኩል አይደሉም» አልኩ።

ሐዋ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። «እኩል ናቸው፣ ጋሼ። አራት አራት ስንዝርና አንድ አንጓ ነው፤ እንደ ሌሎቹ።»

«ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። የግራው ያጥራል።»

«ይቅር በቃ። አሥራ አንድ ይበቃል፤ ማን ይቆጥራል?»

ኡሙ ራኒያም «ኻላስ፣ ይቅር፤ እዚያ ጥግ ላይ አበባ አስቀምጣለሁ» አሉ። ያዘዙት ማዳም ተዉት ብለዋል፤ ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን እጅጌውን ከምሰሶው አውርጄ አጣጥፌ ይዤ ወደ ሳፋ ተመለስኩ። ሐዋ በግቢው በር ቆማ፣ «አብሽር፣ አይዞዎት ጋሼ፣ እሱን ትራስ ያድርጉት» አለችኝ።

ስለ አንድ ልማዴ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በማስተማር ዘመኔ የተማሪን ስሕተት በራሴ እጅ አርሜ አላውቅም። ስሕተቱ ያለበትን መስመር አሰምርበትና ደብተሩን እመልሳለሁ፤ የተሳሳተው ሰው ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ያርማል። ብዙ ተማሪዎቼ በኋላ ያመሰገኑኝ በዚህ ነው። ትክክለኛ ልማድ መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ አቡ ፋይሰል የሱቁን የብረት መዝጊያ ከፊት እንድዘጋና የጓሮውን በር ብቻ እንድጠቀም ነግረውኝ እሳቸው ቤታቸው ዋሉ። ጎዳናው ጭር ብሎ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ የስልክ ጠጋኙ፣ ሁሉም ዘግተዋል፤ ኢቃማ ያለውም የሌለውም ፈርቶ ቀርቷል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኡስማን ለድግሱ የሰፋናቸውን የጠረጴዛ ልብሶች ለመውሰድ እንደሚመጣ ደወለልኝ። እጅጌው በቆረጣው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ገመዱን አንስቼ በማስመሪያ ለመለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልለካሁም። ደወልኩላት።

«ሐዋ፣ ኡስማን ወደዚህ እየመጣ ነው። አብረሽው ነይና ገመዱን አስተካክለሽ ትመለሻለሽ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

«የትልቅ ሰው መኪና ነው፤ መስተዋቱም ጥቁር ነው። ማንም አያስቆመውም።»

«እርስዎ ለምን አያስተካክሉትም? ሦስት ቋጠሮ ነው።»

«ያንቺ ሥራ ነው።»

ዛሬም ያቺን ዐረፍተ ነገር በጆሮዬ እሰማታለሁ፤ በአስተማሪ ድምፅ ነው የተናገርኳት። ሐዋ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «እሺ፣ ኡስታዝ። ሻይ ያፍሉልኝ፤ ናዕናዕ ያለበት» አለች።

ሻዩን አፈላሁ። ናዕናዑን፣ የናና ቅጠሉን፣ ጨመርኩ። ከዚያ በብረት መዝጊያው ቀዳዳ በኩል ጎዳናውን እያየሁ ቆምኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የኡስማን መኪና ከመታጠፊያው ደረሰ። መንገዳችን ጠባብ ስለ ሆነ፣ ለእግረኛም ስለሚቀርብ፣ ኡስማን ሁልጊዜ ሰው የሚያወርደው እዚያ ነው፤ እሱ ዕቃ ለመጫን ዞሮ በጓሮ በኩል ይመጣል። ሐዋ ወረደች። ጥቁር ዓባያ ለብሳለች፤ በእጇ የመርፌና የክር ቦርሳዋን ይዛለች። ከመታጠፊያው እስከ ሱቃችን አርባ እርምጃ ያህል ነው። እሷ አሥረኛው ላይ ሳትደርስ ከተዘጋው ዳቦ ቤት ጎን አንድ ነጭ የፖሊስ ጂፕ ቀስ ብሎ ወጣ።

አየችው። እርምጃዋ አልተለወጠም። የሱቃችን ጎን መግቢያ ጋ ደረሰች፤ በሩ ክፍት ነው፣ በጓሮ ብቻ ተጠቀም ብባልም እኔ እንድትገባ ከፍቼዋለሁ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት። አልገባችም። ራሷን እንኳ ወደ በሩ አላዞረችም። ሱቁን አልፋ፣ እንደማታውቀው ቤት አልፋ፣ ወደ ፊት ቀጠለች። ለምን እንዳለፈች ወዲያው ገባኝ፤ ሕገ ወጥ ሰው ያስጠለለ ሁሉ አብሮ ይያዛል። ከመዝጊያው ጀርባ መቆሜን ታውቅ ነበር።

ከሱቃችን ሃያ እርምጃ ያህል አልፋ አስቆሟት። አንደኛው ፖሊስ «ኢቃማ» ሲላት ሰማሁ። ድምፁ የተቆጣ እንኳ አልነበረም። እሷ የመለሰችውን አልሰማሁም። አንዱ ቦርሳዋን ከፍቶ የክር ጥቅሎቹን አይቶ መለሰላት። ከዚያ የጂፑን የኋላ በር ከፈቱላት።

እኔ ኢቃማዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያላለቀ፣ ትክክለኛ። ወጥቼ «ይህች ሴት የእገሌ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ወረቀቷ በሂደት ላይ ነው» ማለት እችል ነበር። ላይሰሙኝ ይችሉ ነበር፤ እኔንም ሊወስዱኝ ይችሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጂፑ ከሄደ በኋላ ነው። ጂፑ እስኪሄድ ድረስ ማሰቤን አላስታውስም፤ የማስታውሰው የመዝጊያውን ብረት ሙቀት በግንባሬ ላይ ብቻ ነው።

ኡስማን በጓሮ በር ገብቶ እኔን ብቻ ሲያገኝ ምን እንደ ሆነ ገባው። ስልኩን አውጥቶ ለቪላው ደወለ። እኔ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እጄ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ማስመሪያውን አነሣሁ። ሦስቱን ገመዶች ለካሁ። ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር፤ ሰማንያ አራት፤ ሰማንያ አራት። ደግሜ ለካሁ። በሚሊሜትር እንኳ አይበላለጡም።

ከዚያ እጅጌውን ገልብጬ ስፌቱን በብርሃን ላይ ዘረጋሁ። ከአራቱ ቁራጮች በሦስቱ ላይ ድሩ ከራስ እስከ ጅራት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በአራተኛው፣ በወርቃማው፣ ድሩ አግድም ተንጋዶ ሄዷል። በጠርዙ ላይ የቆረጣ ምልክቴ ነበር፤ በኖራ የተጻፈ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «12»። ወርቃማው ጨርቅ ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ ሌላ ጥቅል ላለመክፈት ስል፣ በቀረችው ብጣሽ ላይ አሰላለፉን አጋድሜ እንደ ቆረጥኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለሐዋ አሥር ጊዜ ያስተማርኩትን ሕግ ራሴ ጥሼ፣ ጥሰቴንም ረስቼው ነበር።

ሻዩ በረደ። ኡስማን የጠረጴዛ ልብሶቹን ተሸክሞ ወጣ።

አዲስ ጥቅል ከፍቼ ወርቃማውን ቁራጭ እንደገና ቆረጥኩ፤ ራሴ ሰፋሁት። ገመዶቹን አልነካሁም፤ የሐዋን ቋጠሮዎች እንዳሉ መልሼ አሰርኳቸው። ሐሙስ ወደ ኦብሑር ወስጄ ሰቀልኩት። ከዐስር ሶላት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ከአሥራ አንዱ ጋር ተቃና፤ ምሽቱን ሙሉ አንዴም አልዞረም። እንግዶቹ ፎቶ ይነሡ ነበር፤ የጥብስ ዓሣና የሎሚ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ባለቤትየውን ጥግ ላይ አግኝቼ ስለ ሐዋ ጠየቅኋቸው።

«ከግቢ እንዳትወጣ ነግሬአት ነበር» አሉ። «አሁን በኔ እጅ አይደለችም። ለምን እንደ ወጣች ታውቃለህ?»

«ለሥራ» አልኩ።

«የምን ሥራ? ሚስቴ ሁሉም አልቋል ብላኝ ነበር።»

እሳቸውም መልሱን ሳይጠብቁ ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ወደ መካ ሄድኩ። ሐዋ እዚያ አክስት ነበረቻት፤ ወይዘሮ ዘይነባ፤ ቤተሰባቸው ከወሎ መጥቶ መካ ከሰፈረ ሦስተኛ ትውልድ ነው። ልጆቻቸው እርስ በርስ በዓረብኛ ያወራሉ፤ እሳቸው ግን አማርኛቸውን እንደ ንብረት ጠብቀውታል። ቴምርና ቀዝቃዛ ዘምዘም አቀረቡልኝ። መያዟን ሰምተዋል፤ ከመያዣው ግቢ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደውላላቸዋለች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ደህና ነኝ አለች። ጋሽ ይመር እንዳይጨነቁ በይልኝ አለች» ብለው አዩኝ። «ወንድሜ፣ ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። በዚያ ቀን ምን ፈልጋ ወጣች?»

«ትንሽ ሥራ ቀርቶ ነበር» አልኩ።

«ትንሽ ሥራ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ ቀስ ብለው፤ ሌላም አልጠየቁም። ስወጣ ቴምር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። በመመለሻ መንገድ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ጅዳ ደረስኩ፤ አንዷንም አልበላሁም።

በዚያ ወር ብዙ አውሮፕላኖች ሰዎቻችንን እየጫኑ ወደ አገር ቤት ተመላለሱ። እኔ ኢቃማዬ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ። ባቲ ሰኞ ገበያ አራት ጊዜ ሄጄ ጠይቄአለሁ። አንዱ ሐዋ የምትባል ሰፊ ጅቡቲ ናት ይላል፤ ሌላዋ ሴት በየመን በኩል ወደ ጅዳ ተመልሳ ሄዳለች ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ የትኛዋ ሐዋ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ሐዋ በዚያ አገር ብዙ ነው።

አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ ሜዳ ሲነሣ እጅጌው ወደ ደቡብ ተቃንቶ ነበር። ዘበኛው ከበሩ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም መለስኩለት። ወደ ቤቴ ስመለስ ይህንን ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ በጻፍኩት መሐልም የለካሁትንና ያልለካሁትን ለይቼ ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ። እኔ የግራው ገመድ ያጥራል ብዬ ሐዋን በሞገትኳት ጊዜ ትክክል የነበረችው እሷ ናት፤ ይህን እሷ ቀድሞውንም ታውቀው ነበር፤ እኔ ማወቄን ግን አታውቅም።

ያልተፈታው ይህ ነው፦ ሐዋ አገሯ መግባት አለመግባቷን አላረጋገጥኩም። እኔ እንደ ጠራኋት ለወይዘሮ ዘይነባ ነግራቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ግን አልነገርኳቸውም።